ወላጅን ወይስ ልጅን?
ስለ መራጭ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ቃለ መጠይቅ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተሰጠን ጊዜ አጭር ነው፤ ጉዳዩ ግን ሰፊ ነው። ጉዳዩም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በሌሎች የአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች፣ መርጠው ተማሪ የሚቀበሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያደርጉት የመግቢያ ምርጫ፣ ይልቁንም ቃለ መጠይቁ፣ በወላጆች ላይ ያሳደረው ቅሬታ ነው። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነገር ምን አገባን?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፤ ወንዝ የተሻገረ ሰው መሻገሪያውን ያውቃል፤ የት እንደሚጠልቅና የት እንደሚያንሸራትት ለኋለኛው መንገር ያለበት እርሱ ነው። ከዚህም በላይ በብዙዎቻችን ቤት ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት አለ። እኛ ያለፍንበትን በር ነገ እነርሱ ያንኳኩታል። በሩ ሲከፈትም ሆነ ሳይከፈት፣ ከደጁ ቆመው የሚጠብቁት እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው።

አስቀድሞ የነገሩን አሠራር መግለጽ ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ከተማ ማንኛውም ልጅ ለሚኖርበት ሠፈር በተመደበው የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያና ያለ መግቢያ ፈተና የመማር መብት አለው። ከእነዚህ ሌላ ግን መርጠው የሚቀበሉ ጥቂት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። ቤንጃሚን ባነከር፣ ስኩል ዊዝአውት ዎልስ፣ ማኪንሊ ቴክ፣ በኪነ ጥበብም ዱክ ኤሊንግተን ስማቸው የታወቀ ነው። ወላጅ ከ2014-15 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሚሠራበት የጋራ ማመልከቻ እስከ 12 ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ይጽፋል። መራጮቹ ትምህርት ቤቶች ግን ከዚህ የበለጠ ይጠይቃሉ። እንደ ትምህርት ቤቱና እንደ ዓመቱ ይለያይ እንጂ፣ የክፍል ውጤት፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ልጁ ራሱ የሚጽፈው ድርሰት፣ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ከሚጠየቁት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ለቃለ መጠይቁም ልጁን ብቻ ሳይሆን ወላጁን ጭምር የሚጠሩ አሉ። ንግግራችን የሚያተኩረው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው።

ወላጆቻችን ምርጫን የማያውቁ ሰዎች አይደሉም። ያደጉት የስምንተኛ ክፍል «ሚኒስትሪ» ተማሪውን ሁሉ በሚያንቀጠቅጥበት ሀገር ነው። ፈተናው ርኅራኄ አልነበረውም፤ የገጠሩን ልጅና የከተማውን ልጅ በአንድ ወረቀት ይለካ ነበር፤ ይህም ራሱ ፍጹም ትክክል ነበር አንልም። ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው። ውጤቱ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ይታወቃል። እናት በፈተናው ቀን ልጇን ቁርስ አብልታ፣ ጸሎት አድርጋ ትሸኛለች እንጂ «አንቺ ደግሞ ግቢና ተጠየቂ» የሚላት አልነበረም። እንግሊዝኛዋ፣ ሥራዋና ልብሷ በልጇ ውጤት ላይ አንድ ነጥብ አይጨምርም፤ አንድ ነጥብም አይቀንስም።

እንግዲህ ይህች እናት አሜሪካን ሀገር መጥታ፣ ልጇ እስከ ስምንተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ከተማረ በኋላ፣ «ከልጅዎ ጋር ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ» የሚል መልእክት ሲደርሳት ምን ታስባለች? በአሳቧ የሚመጣው ደጅ መጥናት ነው። ባለሥልጣን ፊት መቆም፣ አማላጅ መፈለግ፣ «እዚያ ቤት የምታውቁት ሰው አለ?» ብሎ ዘመድ ማጠያየቅ ነው። ሰው ፊት ለፊት አይቶ በሚወስንበት ቦታ ሁሉ ዘመድ ያለው እንደሚቀድም በሕይወቷ ተምራለች። መራጮቹ በቅን ልቡና የሚሠሩ ቢሆኑ እንኳ፣ ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ ካልተነገራት በምን ልታምናቸው ትችላለች?

ከጓደኞቻችን የሰማናቸውን ሁለት ነገሮች እንጥቀስ፤ የትምህርት ቤቶቹን ስም አንጠራም።

የአንዷ ጓደኛችን እናት «ስለ ልጅዎ ጠንካራ ጎን ይንገሩን» ተባሉ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «እኔ ምን አውቃለሁ፤ እናንተ መምህራኑ ታውቁታላችሁ እንጂ» አሉ። በእኛ ዘንድ ይህ መልስ ጨዋነት ነው። የራስን ልጅ በሰው ፊት ማሞገስ ነውር ነው፤ ዓይን ያስገባል የሚሉም አሉ። ጠያቂው ግን እናት ልጇን የማታውቅ፣ ለትምህርቷም ግድ የሌላት መስሎት ቢሆንስ? ልጅቱም በታላቅ ሰው ፊት ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ ሲጠይቋት ብቻ በአጭሩ መለሰች። እንዲህ እንድታደርግ ያስተማሯት እኚሁ እናት ናቸው። በቃለ መጠይቅ ወረቀት ላይ ግን ይህ «በራስዋ አትተማመንም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተደከመበት አስተዳደግ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጉድለት ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው የሌሊት ታክሲ የሚነዱ አባት ነገር ነው። ሌሊቱን ሠርተው፣ ጧት ሳይተኙ ከልጃቸው ጋር ቀረቡ። አስተርጓሚ ስላልነበረ ልጁ ራሱ አስተረጎመ። ስለ ልጁ የሚጠየቁትን ልጁ ለአባቱ ይተረጉማል፤ አባቱ የሚመልሱትን ልጁ ስለ ራሱ ይናገራል። ልጁ ምስጋናው ላይ ሲደርስ አፈረና አሳጠረው። በኋላም ሳይገባ ቀረ። ምክንያቱ ያ ቀን ነው ብለን ልንምል አንችልም፤ ማንም የነገራቸው የለምና። ነገር ግን ዋናው ጉዳት በዚህ «አልተነገረም» ውስጥ ነው። አባትዮው እስከ ዛሬ «እኔ ባልሄድ ኖሮ ይገባ ነበር» ይላሉ። ልጁም እንዲህ እንዳልሆነ የሚያስረዳበት ማስረጃ የለውም። ትምህርት ቤቱ አንድ መቀመጫ ከለከለ፤ በቤቱ ግን በአባትና በልጅ መካከል የማይነሣ ወሬ ሆኖ ተቀመጠ። ስለ ቅሬታ ስንናገር ስለ ክብርና ስለ ዝና ብቻ የምንናገር እንዳይመስላችሁ፤ የምንለው ይህን ነው።

አሁን በቅንነት ሌላውን ወገን እንስማ። ለቃለ መጠይቅ የሚከራከሩ መምህራን አሉ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። «ቁጥር የልጁን ሁሉ ነገር አይናገርም፤ ቤተሰብ የሚረዳ፣ በሽተኛ የሚያስታምም፣ ቋንቋ ገና የሚማር ልጅ በወረቀት ሲታይ ያንሳል፤ ፊቱን ስናየው ግን እሳቱ ይታየናል» ይላሉ። ፈተናም ቢሆን ንጹሕ ሚዛን አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ ከ1971 ጀምሮ ሕግ ሆኖ፣ ዛሬ ስምንት ትምህርት ቤቶች በአንድ ፈተና ውጤት ብቻ ተማሪ ይቀበላሉ። ከእነዚህ ስመ ጥር በሆነው በስታይቨሰንት በ2019 መግቢያ ካገኙት 895 ልጆች ጥቁሮች 7 ብቻ ነበሩ። ለፈተናው ማዘጋጃ ትምህርት ገንዘብ ከፍሎ የሚያስጠና ወላጅ አለ፤ ፈተናው መኖሩን ዘግይቶ የሚሰማም ወላጅ አለ። ስለዚህ «ቃለ መጠይቅ ይቅርና ፈተና ብቻ ይኑር፤ ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል» የሚል ሰው ነገሩን አላየውም።

የመመዘኛው ጉዳይ ምን ያህል ወላጅን እንዳስቆጣ በቅርብ ጊዜ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስ አውራጃ ያለው ቶማስ ጄፈርሰን የሳይንስና የቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2020 የመግቢያ ፈተናውንና የ100 ዶላር የማመልከቻ ክፍያውን አስቀርቶ፣ ከእያንዳንዱ የመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች 1.5 በመቶ ለሚሆኑት ቦታ መደበ። ወላጆች ከሰሱ፤ በ2022 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ በ2023 የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አልመለከትም አለ። በሳን ፍራንሲስኮም ሎዌል የተባለው ትምህርት ቤት በ2021 በውጤት መምረጡን ትቶ ወደ ዕጣ እንዲሄድ ተወሰነ። በ2022 የከተማው ሕዝብ ከትምህርት ቦርዱ ሦስት አባላትን በድምፅ አወረደ፤ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ የሎዌል ነገር ግን አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ምርጫው ወደ ውጤት ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ ምን እንረዳለን? ወላጅ በመመዘኛው ዓይነት ላይ አይስማማም። አንዱ ፈተና ይላል፤ ሁለተኛው ዕጣ ይላል፤ ሦስተኛው የክፍል ውጤት ይላል። ሁሉም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሚዛኑን እንየው ይላሉ። ፈተና ሊጠና ይችላል። ዕጣ ማንንም አያሳፍርም። የክፍል ውጤት በካርድ ላይ ይነበባል። ከሁሉም ይልቅ የተሸፈነው ሚዛን ቃለ መጠይቅ ነው፤ ከቃለ መጠይቅም ይልቅ የተሸፈነው የወላጅ ቃለ መጠይቅ ነው። ከዚህ ላይ የማኅበራችንን አሳብ በግልጥ እንናገራለን። ልጅን መጠየቅ፣ በሥርዓት ከተደረገ፣ ልንቀበለው የምንችል ነገር ነው። ወላጅን ጠይቆ ለልጅ ነጥብ መስጠት ግን በማንኛውም ሥርዓት ቢደረግ ትክክል ሊሆን አይችልም። የሚለካው የወላጁ ቋንቋ፣ የወላጁ የሥራ ሰዓትና የወላጁ ትምህርት ነውና። ልጁ እነዚህን አልመረጣቸውም፤ ሊያሻሽላቸውም አይችልም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የተቋቋመውም በእነዚህ ነገሮች የተበለጠው ልጅ እኩል እንዲሆን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አሳብ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር በ2006 የወጣው የትምህርትና የቁጥጥር ሕግ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ለመግቢያ ምርጫ አመልካቹንም ሆነ ወላጁን ቃለ መጠይቅ እንዳያደርጉ ከልክሏል። አዳሪ ትምህርት ቤት ልጁ ለአዳሪነት ተስማሚ መሆኑን ለማየት ሊያነጋግረው ይችላል፤ ክልከላው ግን ጠቅላላ ነው። በእንግሊዝ በፈተና የሚመርጡ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዛሬም አሉ። ስለዚህ መምረጥና ወላጅን መመርመር የግድ አብረው የሚሄዱ አይደሉም።

ወደምንጠይቀው እንለፍ።

አንደኛ፤ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢጠራ ስለ ትምህርት ቤቱ እንዲነገረው እንጂ እንዲመዘን አይሁን። ከወላጅ ንግግር ለልጅ የሚሰጥ ነጥብ ይቅር።

ሁለተኛ፤ ለልጁ ቃለ መጠይቅ የሚደረግ ከሆነ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ነጥብ ይስጡ፤ ለምን ዓይነት መልስ ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይጻፍ። ጥያቄው ያልተወሰነ፣ እንደ ጨዋታ የሚካሄድ ቃለ መጠይቅ የነገውን ሥራ በመተንበይ ረገድ ደካማ መሆኑ በሥራ ቅጥር ላይ በተደረጉ ጥናቶች የታወቀ ነው። ለአዋቂ ሠራተኛ የማይበቃ ሚዛን ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይበቃል ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፤ ልጅ ለወላጁ አስተርጓሚ አይሁን። በ2004 የወጣው የዋሽንግተን ከተማ የቋንቋ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የቃል ማስተርጐም አገልግሎት እንዲሰጡ፣ ዋና ዋና ጽሑፎችንም እንዲተረጉሙ ያዛል። አማርኛም ከሚተረጐምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ ልመና አይደለም፤ መብት ነው። ብዙዎቹ ወላጆቻችን ግን አስተርጓሚ መጠየቅ ልጃቸውን የሚያስንቅ እየመሰላቸው ዝም ይላሉ።

አራተኛ፤ ያልተቀበሉት ልጅ ምክንያቱ ይነገረው። «ቦታ ሞልቷል» ብቻ አይበቃም። በየትኛው መመዘኛ ስንት እንዳገኘ ቢያውቅ ይማርበታል፤ አባቱም በማያውቁት ነገር ራሳቸውን አይወቅሱም።

ይህን ስንጠይቅ እኛ ደግሞ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ወላጆች ካለማወቅ የሚጎዱበት አንድ ቀላል ነገር አለ፤ እርሱን ዛሬውኑ ልናስረዳቸው እንችላለን። ይኸውም በማመልከቻው ላይ ትምህርት ቤቶቹ የሚጻፉበት ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ወላጆች «ትልቁን ትምህርት ቤት አንደኛ ብጽፍና ባይቀበለው ሁለተኛውም ያመልጠኛል» ብለው ይፈራሉ፤ ስለዚህም የማይወዱትን ከላይ ይጽፋሉ። ይህ ፍርሃት በዋሽንግተኑ ዕጣ ዘንድ መሠረት የለውም። የአመዳደቡ ስልት አንደኛው ትምህርት ቤት ካልተቀበለው፣ ልጁ በሁለተኛው ዘንድ አንደኛ አድርጎ እንደ ጻፈው ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል። የዚህ ዓይነት ስልት በኒው ዮርክ በ2003 ሲጀመር፣ ከ30,000 በላይ የነበሩት፣ ካልመረጡት ትምህርት ቤት የሚመደቡ ልጆች ወደ 3,000 ገደማ ወርደዋል። በዚያ ሥራ ከተሳተፉት ሊቃውንት አንዱ አልቪን ሮት በ2012 ስለ አመዳደብ ስልት ባደረጉት ጥናት የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ከሎይድ ሻፕሊ ጋር ተካፍለዋል። ታዲያ ይህን ያህል ሊቅ የደከመበትን ሥራ የታክሲ ሾፌሩ አባት አላወቁትም፤ ማንም በሚሰሙት ቋንቋ ስላልነገራቸው። ሲጠቃለል ነገሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ በእውነት የምትወዱትን ትምህርት ቤት አንደኛ ጻፉ።

ስለዚህ ለማኅበሩ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ከማመልከቻው ወራት አስቀድሞ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሁለት ሁለት ሆነን ወገኖቻችን በሚሰበሰቡበት አዳራሽ እንቀመጥ። ማመልከቻውን አብረን እንሙላ። ድርሰቱን ለልጁ አንጻፍለት፤ የጻፈውን ግን እናንብብለት። የቃለ መጠይቅ ልምምድ እናድርግ፤ ዓይንን ቀና አድርጎ መናገር ታላቅን መናቅ እንዳልሆነ፣ የሠሩትን ሥራ መናገርም ጉራ እንዳልሆነ ለታናናሾቻችን እናስረዳ። አስተርጓሚ እንዲቀርብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከወላጆች ጋር ሆነን እንጻፍ። መምህራኖቻችንም በትምህርት ቦርድ ስብሰባ ላይ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ስናቀርብ በዕውቀታቸው እንዲረዱን እንለምናለን።

ከመካከላችሁ «ይህ ሁሉ ድካም ለጥቂት መቀመጫ ነው፤ የቀሩትስ ልጆች?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በሩን ምንም ያህል ብናስተካክለው ቤቱ ጠባብ ከሆነ ውጭ የሚቀረው ይበዛል። የወላጅ ጭንቀት ሥሩ ከዚህ ነው፤ በየሠፈሩ ያለው ትምህርት ቤት የሚታመን ቢሆን ኖሮ ለአንድ ቃለ መጠይቅ ማንም እንቅልፍ ባላጣ ነበር። በየሠፈሩ መልካም ትምህርት ቤት እንዲኖር መታገል ረጅሙ ሥራችን ነው። ነገር ግን ረጅሙ ሥራ እስኪፈጸም ድረስ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ያለው ልጅ አይጠብቅም፤ በመጪው ክረምት ማመልከቻውን ያስገባል። እርሱ በችሎታው ይመዘን፤ እናቱም በእንግሊዝኛዋ አትመዘን። የምንለው ይህንኑ ነው።

የቅዳሜውን ሥራ ለመካፈል የምትፈልጉ ሁሉ ዛሬ ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ በተቀመጠው መዝገብ ላይ ስማችሁን እንድትጽፉ በማክበር እንጠይቃለን።